የሴራሚክ ነጣፊዎች የሥራ ላይ ደህንነትና የአሠሪ መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው ግንባታ በርካታ የሙያ ዘርፎችን አስገኝቷል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕንፃዎች በብዛት በመገንባታቸው ሴራሚክ፣ ግራናይትና እምነበረድ የማንጠፍ ሥራ ለብዙ ሺህ ወጣቶች ቋሚ የኑሮ መሠረት ሆኗል። የሙያው አደጋዎች ግን በቁጥጥር ሥራው ውስጥ ተገቢውን ቦታ እስካሁን አላገኙም።

በግንባታ ቦታ ስለሚደርስ ጉዳት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ከመወጣጫ ላይ መውደቅ ወይም የቁፋሮ መደርመስ ነው። ሁለቱም ሕይወት የሚቀጥፉ በመሆናቸው ትኩረት ማግኘታቸው ትክክል ነው። በዚህም ምክንያት ተቆጣጣሪው ወደ ግንባታ ቦታ ሲሄድ የሚመለከተው ሄልሜት መደረጉን፣ አንጸባራቂ ሰደርያ መለበሱንና የመወጣጫውን ጥንካሬ ነው። ሴራሚክ ነጣፊው የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ባለቀ ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው። ሄልሜት ቢያደርግም ከሚያሰጉት አደጋዎች ከአብዛኞቹ አያድነውም።

ከእነዚህ አደጋዎች የከፋው አቧራ ነው። ሴራሚክ፣ ፖርሰሊንና ግራናይት ሲሊካ የተባለውን ማዕድን የያዙ ናቸው። በኤሌክትሪክ ግራይንደር በደረቁ ሲቆረጡ የሚነሳው አቧራ በዓይን የሚታየው ብቻ አይደለም። ጎጂው ክፍል በዓይን የማይታየው፣ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው እጅግ ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የሚታይ ሲሆን የጠባሰውን ሳንባ ወደነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለውም። ለሳንባ ነቀርሳ የመጋለጥን ዕድልም ይጨምራል። ነቀርሳ ዋነኛ የጤና ችግር በሆነባት አገራችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሁለቱ በሽታዎች የራጅ ምስል ሊመሳሰል ስለሚችል ታካሚው ምን ሥራ ሲሠራ እንደኖረ ካልተጠየቀ መንስዔው ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሲሊካን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አውስትራሊያ ደግሞ የሲሊካ መጠኑ እጅግ ከፍተኛ የሆነውን ሰው ሠራሽ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳለች። ለዚህ ያበቃት በወጣት ድንጋይ ቆራጮች ላይ የታየው የበሽታው ስርጭት ነው። እንደ ቤኒሻንጉሉ ያለ እምነበረድ በአንጻሩ አነስተኛ ሲሊካ ይይዛል። በመሆኑም ነጭ አቧራ ሁሉ እኩል አይጎዳም፤ ሠራተኛው ግን በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም።

መከላከያው ውስብስብ አይደለም። ቀጥ ያሉ ቁርጦችን አቧራ ብዙም በማያስነሳው የእጅ መቁረጫ መሥራት ይቻላል። ለቀሩት ደግሞ ውኃ የሚረጭ የጠረጴዛ መጋዝ አለ። አንዳንድ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት ለውኃ ባልተሠራ ግራይንደር ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ማፍሰስ ግን አቧራውን ቀንሶ በምትኩ የኤሌክትሪክ አደጋን ይጋብዛል። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ የተለመደው ቀጭኑ የሕክምና ጭምብልም ለዚህ ዓይነቱ ብናኝ አይበቃም፤ የሚያስፈልገው ኤን 95 ወይም ተመጣጣኙ ነው።

ግራይንደሩ ራሱ ሌላው ሥጋት ነው። የዲስክ መሸፈኛው ወጥቶ በትንሹ ማሽን ላይ ትልቅ ዲስክ ሲገጠም የሚከተለውን ለመገመት ቁጥሮቹ በቂ ናቸው። የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11 ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል። 230 ሚሊ ሜትር የሆነው ዲስክ የሚችለው ደግሞ ወደ 6 ሺህ 600 ብቻ ነው። ዲስኩ ከተሰበረ ስብርባሪው የሚያርፈው በቅርብ ባለው ፊት ወይም እጅ ላይ ነው።

ጉልበትና ቆዳም በሂደት ይጎዳሉ። ብሪታንያ ለረጅም ዓመታት የሠሩ ምንጣፍ ዘርጊዎችና ወለል ነጣፊዎች የሚያጋጥማቸውን የጉልበት መገጣጠሚያ መጎዳት ካሳ ከሚከፈልባቸው የሥራ በሽታዎች ጋር የመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እርጥብ ሲሚንቶ በአልካላይነቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ደግሞ ሥር የሰደደ የቆዳ አለርጂ ያስከትላል። ሊፍት በሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ሠላሳ ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝነውን የሴራሚክ ካርቶን የሚያመላልሰው የቀን ሠራተኛ ወገብም መዘንጋት የለበትም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ክፍተት አለበት ለማለት ያስቸግራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን በመብትነት ደንግጓል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙን እንዲያስተምርና ጉዳትን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ጉዳት ኃላፊ ነው። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ክፍያ ይታሰብለታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል።

ችግሩ ያለው ሕጉ በሚናገርለት ሠራተኛና በነጣፊው የሥራ ሁኔታ መካከል ነው። ነጣፊው የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው። ዋናው ሥራ ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ፣ ንዑስ ተቋራጩ ለአንድ አለቃ፣ አለቃው ለነጣፊውና ለረዳቱ ሥራውን ያስተላልፋል። አዋጁ ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ጣት የተቆረጠበት ነጣፊ ካሳ ሲጠይቅ ከሰንሰለቱ በየትኛውም ደረጃ ያለው ሰው «ሥራውን በካሬ ተረክቦ ነው» የሚል መልስ ሊሰጠው ይችላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሳንባው የታመመውማ ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። በካሬ መከፈልም በራሱ ይገፋፋል፤ መጋዙን ተክሎ ውኃ ለመሙላት የሚያጠፋው ሰዓት ከገቢው የሚቀነስ ነው።

ስለሆነም ትልቁ አቅም ያለው ከቁጥጥሩ በፊት፣ ውሉ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከከፍተኛ አሠሪዎች አንዱ መንግሥት እንደመሆኑ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በእጃቸው ያለው መሣሪያ ቀላል አይደለም። በሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ የደህንነት ወጪ በካሬ ሜትር ዋጋ ተጠቃልሎ ሲቀር ወጪውን የዘለለው ተጫራች ርካሽ ሆኖ ያሸንፋል። ለውኃ መጋዝ፣ ለጭምብል፣ ለጉልበት መከላከያና ለጤና ምርመራ መሥሪያ ቤቱ የተወሰነ ሒሳብ ለይቶ ቢያስቀምጥ ተጫራቾች በዚያ ላይ አይወዳደሩም፤ ክፍያውም ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ ይፈጸማል። በንዑስ ውል የሚሠራውን ሰው ደህንነት በተመለከተም ዋናው ተቋራጭ ተጠያቂ መሆኑን በውሉ ላይ ማስፈር ይቻላል።

ይህ የሚመለከተው አዳዲስ ግንባታዎችን ብቻ አይደለም። ባለጉዳይ በሚመላለስበት ኮሪደር ላይ በሥራ ሰዓት ሴራሚክ የሚቆረጥባቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አቧራው ነጣፊውንና ፋይል የያዘውን ሠራተኛ አይለይም፤ መቁረጡን ወደ ግቢ ማውጣት ወይም ክፍሉን በፕላስቲክ መጋረድ በጀት የሚጠይቅ እርምጃ አይደለም።

በርክክብ ወቅት መሐንዲሱ የተነጠፈውን ሴራሚክ እያንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ለይቶ እንዲነቀል ያዛል። በዚያው ዕለት የጉዳት መዝገቡን እንዲያሳዩት ተቋራጩን መጠየቅ ይችላል፤ መዝገቡ ከሌለም የርክክብ ሰነዱን ሳይፈርም የማቆየት ሥልጣን በውሉ ሊሰጠው ይገባል።