ከዳተኛው ማነው?

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ በየዶርሙ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። «የቡድን ደጋፊ ሰው ነው፤ የአንድ ተጫዋች አምላኪ ግን ገለባ ነው» ይባላል። ሌብሮን ጄምስ ክሊቭላንድ ሲሆን የክሊቭላንድን፣ ማያሚ ሲሄድ የማያሚን፣ ሎስ አንጀለስ ሲገባ የሎስ አንጀለስን ማሊያ ያጠለቀውን ልጅ «አድርባይ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሺ፣ ታማኝነት በማሊያ ይለካ። ግን መለኪያውን ማን እንደሠራው እንጠይቅ እንጂ!

ለመሆኑ ቡድን ማለት ምንድነው? ስሙ ነው? ከተማው ነው? ተጫዋቾቹ ናቸው? ወይስ የባለቤትነት ወረቀቱ?

ኬቪን ዱራንትን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 ገና ልጅ ሳለ ለሲያትል ሱፐርሶኒክስ መጫወት ጀመረ። ሲያትል ከ1967 ጀምሮ ቡድን የነበራት፣ በ1979 ዋንጫ የበላች ከተማ ናት። ይሁንና ባለቤቱ ሃዋርድ ሹልትዝ በ2006 ቡድኑን ለኦክላሆማ ባለሀብቶች ሸጦት ነበር። (አዎ፣ የስታርባክሱ ሹልትዝ! ኩባንያው በዚያው ዓመት በሲዳሞና በይርጋጨፌ ቡና ስም ከአገራችን ጋር የተነታረከው።) በ2008 አዲሶቹ ጌቶች ከሲያትል ከተማ ጋር በ45 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙና ቡድኑን ነቅለው ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ወሰዱት። ስሙና ቀለሙ ለሲያትል ቀረ፤ ተጫዋቾቹ ሄዱ። ዱራንትም አብሮ ሄደ። ያኔ «ከዳተኛ» ብሎ የጮኸበት ማን ነበር? ምን ያድርግ፣ ባለቤቶቹ ወሰዱት!

በ2016 ውሉን ጨርሶ በገዛ እግሩ ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ። ማሊያው ተቃጠለ። በ2017 ኦክላሆማ ሊጫወት ሲመጣ «ልፍስፍስ» ለማለት የኬክ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ጠበቁት። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተማ ለወጠ። ባለሀብት ሲያንቀሳቅሰው ንጹሕ፣ ራሱ ሲንቀሳቀስ ይሁዳ! ከሁሉ የሚያስቀው ደሞ የሚረግሙት ሰዎች ቡድናቸው ራሱ ከሌላ ሕዝብ እጅ የተነጠቀ መሆኑ ነው።

ይህ የሲያትል ዕጣ ብቻ አይደለም። «ሌከርስ» የሚለው ስም ከሐይቅ የመጣ ነው፤ ሐይቆቹ ያሉት ግን ቡድኑ እስከ 1960 በኖረባት በሚኒሶታ ነው። ጃዝም በ1979 ከሙዚቃዋ ከተማ ከኒው ኦርሊንስ ወደ ዩታ ሲሰደድ ስሙን ይዞ ሄደ። እንግዲህ በማሊያ ለዋጭ ላይ የሚስቅ የሌከርስ ደጋፊ ካለ ትንሽ ቀስ ይበል።

ደሞም ይህ ውል ጨርሶ መሄድ የሚባለው ነገር በችሮታ አልተገኘም። ቀድሞ የተጫዋች ውል ቢያልቅም እንኳ ሰውየው ከቡድኑ ጋር እንደታሰረ ይቀር ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የነበረው ኦስካር ሮበርትሰን በ1970 ሊጉን ከሰሰ፤ ክርክሩ በ1976 በስምምነት ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። ታዲያ «በሩ ቢከፈትም አትውጣ» የሚል ታማኝነት ማንን ነው የሚጠቅመው?

«አንተም ጣዖት አምላኪ ነህ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በዓሉ ግርማን ስናነብ የአሳታሚው ደጋፊ ሆነን ነው ወይ ብዬ ላመልጣችሁ እችል ነበር። ግን ደራሲ ብቻውን ይጽፋል፤ ኳስ የአምስት ሰው ነገር ነው። ጀግናው 40 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ ሲሸነፍ ደስ ብሎት የሚተኛ ሰው አለ፤ እሱ ኧረ ኳስም አያውቅ! ተከላካይ የሚዘጋለት፣ ከቅርጫቱ ሥር ተጋፍቶ ኳስ የሚያወርድለት ከሌለ የትኛው ኮከብ ነው የሚያበራው? ቡድን ማለት እነዚያ አምስቱና የሚያዩዋቸው የከተማው ሰዎች ከሆኑ እኔም የቡድን ሰው ነኝ። የማልቀበለው ያ ፍቅር ለባለቤቱ የሚከፈል ግብር ሲሆን ነው።

ዳላስን ተመልከቱ። በአዳራሹ ደጃፍ የዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት ቆሟል፤ 21 የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን ብቻ ተጫውቷል። ታማኝነት ከቶ አይጠፋም የሚል ቃል ተቀርጾበታል። በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ የዚያው ቡድን አለቆች ሉካ ዶንቺችን፣ ከስምንት ወር በፊት ለፍጻሜ ያደረሳቸውን ልጅ፣ ሳይጠይቅ ሳያስበው በሌሊት ለሌከርስ ለወጡት። ደጋፊው በሐውልቱ ሥር ተሰብስቦ አዘነ፤ የሬሳ ሳጥን ሳይቀር መጣ። በኤፕሪል ሉካ የሌከርስን ማሊያ ለብሶ ሲመለስ የዳላስ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት፤ ልጁ እንባውን ጠረገና 45 ነጥብ አስቆጠረባቸው።

ያ ሕዝብ ያን ማታ የማን ደጋፊ ነበር? አድርባይ ነበር? ታማኝነት የምታስተምሩን ወዳጆች መልስ ካላችሁ ጻፉ፤ ለሚቀጥለው እትም ገጽ አይጠፋም።