ፈተናው ይኑር፤ ለላንጋኖ ልጅም ይድረሰው

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባና ከአዳማ በሚመጣ እንግዳ ስንጨናነቅ ምግብ ከሚያመላልሱት፣ አልጋ ከሚያነጥፉትና በር ላይ የመኪና ታርጋ ከሚመዘግቡት ልጆች መካከል ብዙዎቹ ዲግሪ አላቸው። አንዷ አካውንቲንግ ጨርሳለች፣ ሌላው ማኔጅመንት፣ ሌላው ሲቪል ምህንድስና። የቡልቡላ፣ የአርሲ ነጌሌ፣ የባቱ ልጆች ናቸው። ሥራውን አይንቁትም፤ ደመወዙም ቲፑም ቤተሰብ ይደጉማል። ሁሉም ግን ስልካቸው ላይ አንድ አጭር መልእክት ይጠብቃሉ፦ «ለጽሑፍ ፈተና ስለተመረጡ በተጠቀሰው ቀን እንዲገኙ»።

ባንኮችና ሌሎች ትልልቅ ቀጣሪዎች ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ ብለው ማስታወቂያ ሲያወጡ አመልካቹ የትየለሌ ነው። ያን ሁሉ ሰው የሚያበጥሩት በአፕቲቲዩድ ፈተና ነው። ቁጥር፣ አመክንዮ፣ እንግሊዝኛ፤ ሰዓቱ አጭር፣ ጥያቄው ብዙ። ቃሉ ለልጆቹ እንግዳ አይደለም፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ጎን ራሱን ችሎ ይሰጣል። ችግሩ ሌሎቹ ትምህርቶች አስተማሪና መጽሐፍ ሲኖራቸው ለአፕቲቲዩድ ክፍለ ጊዜ የሚመድብ ትምህርት ቤት በእኛ አካባቢ አለማየቴ ነው። ልጁ ሳይማረው ይፈተነዋል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እንጀራው እዚያው ላይ ይንጠለጠላል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፈተናው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አባቱ ማሳ የሚያርስ፣ እናቱ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ ከፈተና የተሻለ ጠበቃ የለውም። ፈተናው በሌለበት ቦታ የሚቀጠረው የሰው ዘመድ ነው። ወረቀት ሲታረም ግን የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠየቅም። ስለዚህ የምጨነቀው ፈተናው በመኖሩ ሳይሆን ለሁሉም እኩል ባለመድረሱ ነው።

ማታ እንግዳው ሲረግብ በሠራተኛ መመገቢያው ከልጆቹ ጋር ጥያቄ እንሠራለን። አንድ ምሽት ያነሣነው ይህ ነበር፦ «ሁሉም ገንዘብ ተቀባዮች ተቀጣሪዎች ናቸው። አንዳንድ ተቀጣሪዎች ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ገንዘብ ተቀባዮች ሴቶች ናቸው።» እውነት፣ ሐሰት ወይስ መወሰን አይቻልም? ካሸራችን ሳታመነታ «እውነት» አለች። ለምን ስላት፣ «ጋሼ፣ እኔ ራሴ ሴት ካሸር አይደለሁ እንዴ?» አለችኝ።

ያለችው በሕይወት ልክ ነው፤ በፈተናው ግን ነጥብ ያሳጣል። ፈታኙ ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ውጭ የምታውቀውን ሁሉ እርሺው ይላታል። ሴት የሆኑት ተቀጣሪዎች ሁሉ ጽዳት ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉና መልሱ «መወሰን አይቻልም» ነው። ይህ የማሰብ ችሎታ ጉድለት ነው? በፍጹም። ልጅቷ በየሌሊቱ ሒሳብ ስትዘጋ አንድ ብር የማታጎድል ናት። የጎደላት የጨዋታውን ደንብ የነገራት ሰው ነው። ደንቡን ካወቀች በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ሰጠኋት፤ አልተሳሳተችም። በዚያች ምሽት ብልህነቷ አልጨመረም፤ ፈተና ላይ ብትሆን ግን ውጤቷ ይጨምር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ደንብ ከታላቅ ወንድሙ ወይም ባንክ ከሚሠራ ጎረቤቱ የሰማ ልጅ ብዙ ነው። እዚህ የሚሰማበት ቦታ የለም።

ሌላም ልንገራችሁ። «8 ሠራተኛ አንድን የቲማቲም ማሳ በ15 ቀን ለቅሞ ከጨረሰ፣ 12 ሠራተኛ በስንት ቀን ይጨርሳል?» የሚል ጥያቄ ምህንድስና ለተማረው ልጅ ሰጠሁት። ኤክስና ዋይ ደርድሮ፣ ሬሾ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ እንደገና ጻፈ። ትክክለኛው መልስ ላይ ደረሰ፤ በዚያ ጊዜ ግን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ያልፉት ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብዬ፣ «አባትህ የለቃሚ ሒሳብ ሲከፍል ስንት የቀን ሥራ ይቆጥራል?» አልኩት። ወዲያው «120» አለ። ለ12 ሲካፈል 10 ቀን። ባቱ ዙሪያ ያደገ ልጅ ይህን ስሌት ከሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ ፈተና ሲባል ግን የሚያውቀውን ትቶ ፎርሙላ ይፈልጋል። ዝግጅት የምለው ይህን ነው፦ በእጅ ያለውን እውቀት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማውጣትን መለማመድ። ካልኩሌተር ሳይነኩ መቶኛ ማስላት፤ ከበድ ያለውን ዘሎ ቀላሉን ማስቀደም፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንስ እንደሆነ መመሪያውን ማንበብ፤ ከሁሉም በላይ ሰዓት አስሮ መሥራት።

ገበያው የሚሸጠው ዝግጅት ግን ሌላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱና ቴሌግራሙ «የእገሌ ባንክ ያለፈ ፈተና» በሚል ዎርክሺት ተሞልቷል። ልጆቹ ገዝተው ያመጡልኝን ስመረምር መልሱ የተሳሳተ፣ ምርጫው የጎደለ፣ ጥያቄው ተቆርጦ የቀረ ሞልቶበታል። እነሱ ግን ያንን በቃል ይይዛሉ። ይባስ ብሎ «የዘንድሮው ፈተና አለኝ፣ ብር ላክ» የሚልም አለ። እዚህ ላይ አልለሳለስም፤ ይህ ሌብነት ነው። የሚሸጠው ውሸት ከሆነ የልጁን ብር ይበላል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ያልገዛውን ልጅ ዕድል። ገበያውን የፈጠረው ግን የቀጣሪዎቹ ዝምታ ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚመጣ፣ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደተሰጠው በይፋ ቢናገሩ የተሰረቀ ወረቀት ፍለጋ የሚሄደው ሰው በግማሽ ይቀንስ ነበር።

የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። መልእክቱ ሐሙስ ይገባል፤ ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት፣ አዲስ አበባ። ከላንጋኖ እስከዚያ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዕለቱ ተነሥቶ አይደረስም። ልጁ ዓርብ ከሰዓት ዋናው አስፋልት ላይ ወጥቶ ሚኒባስ ይለምናል፤ ቃሊቲ ዘመድ ካለው ወለል ላይ ያድራል፣ ከሌለው አልጋ ይከራያል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሎጅ ሥራ የሚጦፍበት ጊዜ ስለሆነ የቀረበት ደመወዝም ቲፕም ይታሰብ። ለአንድ ሰዓት ወረቀት የሁለት ቀን ገቢና የትራንስፖርት ወጪ! በሁለተኛው ጥሪ ተበድሮ ይሄዳል። በሦስተኛው መልእክቱን አይቶ ስልኩን ኪሱ ይከተዋል። ከቀሩት መካከል ጎበዞቹ እንዳሉበት የማውቀው ማታ ማታ አብሬያቸው ስለምሠራ ነው።

ይህን በራሴ ግምት ብቻ አልናገርም። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ባልደረባቸው በኢትዮጵያ ያደረጉትና በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ቀጣሪው ለሚያመለክቱ ሰዎች መጠነኛ ገንዘብ ሲሰጥ የተሻለ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች እንደሚመጡ አሳይቷል። ምክንያቱም የማመልከቻው ወጪ ይበልጥ የሚያስቀራቸው ችሎታ ያላቸውን ነው። የሚገርመው፣ ቅጥር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ጥቅም አሳንሰው መገመታቸው ነው። እዚያው ዓመት የታተመው ሌላው የግሩም አበበና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ የአዲስ አበባ ወጣቶችን ተከታትሏል። አንዱ ቡድን የትራንስፖርት ድጎማ ተሰጠው። ሌላው በሥራ ማመልከቻና በቃለ መጠይቅ ላይ ሥልጠና ወሰደ፣ የአፕቲቲዩድ ፈተና ተፈተነ፣ ውጤቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀትም አገኘ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ የፈተናውና የምስክር ወረቀቱ ቡድን ግን ገቢው ከፍ ብሎ ተገኘ። ከሁሉም የተጠቀሙት ሥራ ማግኘት ይከብዳቸው የነበሩት ናቸው። እንግዲህ ፈተና በትክክል ሲሰጥና ውጤቱ በልጁ እጅ ሲገባ የድሃ ልጅ መከታ ይሆናል ማለት ነው።

በቀጣሪዎቻችን ፈተና ግን ውጤቱ በልጁ እጅ አይገባም። ያለፈው ይጠራል፤ ያላለፈው ዝም ይባላል። በአንድ ነጥብ ይውደቅ በሠላሳ፣ ቁጥሩ ይጣለው እንግሊዝኛው፣ አያውቅም። ሳያውቅ ምኑን ያሻሽላል?

እንግሊዝኛውን ካነሣሁ አይቀር። የእኛ አካባቢ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ አማርኛን እንደ ትምህርትና በገበያ ይለምዳል፣ ከ9ኛ ጀምሮ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባንኩ እንግሊዝኛ መጠየቁን አልቃወምም፤ ደብዳቤውም ሲስተሙም በእንግሊዝኛ ነው። ግን ቡልቡላ ቅርንጫፍ ለሚቀመጥ ገንዘብ ከፋይ ከመዝገበ ቃላት ጥግ የተለቀመ ብርቅ ቃል ምን ያደርግለታል? ከፊቱ የሚቆሙት ገበሬና ነጋዴ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው የሚያናግሩት። ያንን ችሎታውን የሚጠይቅ ጥያቄ እኔ ባየሁት ወረቀት ላይ አልነበረም።

ይህ ክርክር በሌላ አገርም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 የአሜሪካ ጦር ማንበብ ለማይችሉና እንግሊዝኛ ለማያውቁ ምልምሎች ባዘጋጀው የሥዕል ፈተና ውስጥ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነበረ፤ የጎደለውን ሙላ ይላል። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ስደተኛ በአእምሮው ሳይሆን ባላየው ጨዋታ ነጥብ ያጣ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1971 ደግሞ ግሪግስ እና ዱክ ፓወር በተባለው ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነ። ኩባንያው ጥቁር ሠራተኞችን ከተሻለ የሥራ ቦታ ያስቀረው በዲፕሎማ መስፈርትና በሁለት የችሎታ ፈተናዎች ነበር፤ አንዱ 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ የሚሰጠው ዎንደርሊክ ነው። ፍርድ ቤቱ ፈተናን አልከለከለም። ፈተናው ሥራውን የመሥራት ችሎታን የሚለካ መሆን አለበት አለ፤ የማስረዳት ሸክሙንም በቀጣሪው ላይ ጣለ። እኛም ጋ የቅጥር ክፍል ኃላፊዎች ራሳቸውን ይህን ጥያቄ ሊጠይቁ ይገባል፦ ባለፈው ዓመት በከፍተኛ ነጥብ የቀጠርናቸው ልጆች ዛሬ ከሌሎቹ የተሻለ እየሠሩ ነው ወይ?

የሚጠየቀው ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚፈተኑት በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር ነው። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት አንዱ መሆን ቀላል አልነበረም፤ ከተፈተኑት ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያንን ወንፊት ያለፈ ልጅ በየባንኩ እንደ አዲስ ሲበጠር ለምን አዲስ አበባ ድረስ ይጎተታል? ኮምፒውተሩም አዳራሹም አዳማ አለ፣ አሰላ አለ፣ ሐዋሳ አለ። ባንኮቹ ተባብረው አንድ የጋራ ፈተና ቢያዘጋጁ፣ ልጁ አንድ ጊዜ ተፈትኖ ውጤቱን ለሁሉም ቢያቀርብ ለእነሱም ወጪ ይቀንሳል። እስከዚያው ደግሞ የናሙና ጥያቄ ከነመልሱ ድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፉ፤ የፈተናውን ቀን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያሳውቁ፤ ለተፈተነ ሁሉ ነጥቡን ይላኩ። የስልክ መልእክት ለመጥሪያ ከተቻለ ለውጤትም ይቻላል።

ለልጆቻችንም ቃል አለኝ። ዎርክሺት መሸምደድ ተዉ፤ አምስት ሆናችሁ ሰዓት አስራችሁ ሥሩ፣ ከዚያ የተሳሳታችሁትን ለምን እንደተሳሳታችሁ ተከራከሩበት። የእንግሊዝኛ ንባብ በየቀኑ ይሁን። ለፈተና ብር የሚጠይቃችሁን ሰው ቁጥሩን አጥፉ።

በሐይቁ ዙሪያ ያላችሁ የሎጅና የሆቴል ሥራ አስኪያጆችም ስሙኝ። ቅዳሜ ፈተና የተጠራ ሠራተኛ ሲመጣባችሁ ሺፍቱን ቀይሩለት፤ ደመወዙን አትቁረጡበት። ምሽት ላይ አንድ መብራትና አንድ ጠረጴዛ ለጥናት ልቀቁላቸው። ለቤታችሁ ከባድ ወጪ አይደለም፤ ለእነሱ ግን ተዘጋጅቶ በመቀመጥና ሳይዘጋጁ በመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።