አምበሉን ያኖረው ዋንጫው አይደለም፣ መፍቻው ነው

ሁርሶ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ወታደር ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ያለው የዚህ ስፍራ ስም ከማሰልጠኛው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ሁርሶ ገብቶ የሰለጠነ ወጣት ምን ይዞ እንደሚወጣ ይታወቃል፦ ማዕረግ፣ ደመወዝ፣ አገልግሎቱን ሲጨርስ ደግሞ ጡረታ። ይበቃል አይበቃም ሌላ ጉዳይ ነው። ነገር ግን መንግሥት ሰውየውን ሲያሰለጥን "ሥራው ሲያልቅ ምን ይሆናል?" የሚለውን ጥያቄ ቢያንስ በወረቀት ላይ መልሶለታል።

እዚያው አቅራቢያ፣ ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ማሰልጠኛ ነበር። በሩ ላይ ግን ማሰልጠኛ የሚል አልተጻፈበትም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ቡድኑን ሰው ሁሉ "ኮተን" እያለ ይጠራው ነበር። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላትን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ከፍ ያደረገው አምበል በክለብ ደረጃ የሚጫወተው ለዚህ የፋብሪካ ቡድን ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል።

ስሙን ዛሬ በድሬዳዋ ሜዳዎች ኳስ የሚያንከባልሉ ስንት ልጆች ያውቁታል? የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ ከነተቀያሪው በቃሉ የሚወጣ ልጅ፣ በገዛ ከተማው ማን እንደተጫወተ የነገረው የለም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ሉቺያኖ በነሐሴ 1927 ዓ.ም አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በዚያ ዘመን ክልስ ሆኖ መወለድ ከሁለት ወገን መገፋት ነው። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣችው ሕግ፣ ጣሊያናዊ አባት ከቅኝ ግዛት ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከልክላ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ክልሱ ልጅ የወራሪው ዘር ተብሎ ይታያል። ሉቺያኖ በዚህ መሃል አደገ፤ ኳስ ተጫወተ፤ የመካኒክነት ሙያም ተማረ። ይህ የመጨረሻው ነገር በዋንጫ ታሪኮች ውስጥ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነው። የሕይወቱ ቁልፍ ግን እሱ ሆኖ ተገኘ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ እሑድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደርሳለች። ከፊቷ የቆመችው የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ግብፅ ቀድማ አገባች። ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ኢትዮጵያ አቻ ሆነች፤ ግብፅ ግን ወዲያው ዳግም መራች። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኳሷን መረብ ላይ አሳርፎ ሀገሩን ከሽንፈት ያወጣት አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የአስመራው ክልስ፣ የድሬዳዋው የኮተን ተጫዋች ነበር።

ከዚያ ቀን በፊት ስሙን ወደ ሀገርኛ ስም እንዲለውጥ ግፊት ይደረግበት እንደነበረና እምቢ ማለቱን ሉቺያኖ ራሱ በስተርጅና ተናግሯል። ጎሉ ይፈለጋል፤ ስሙ ግን ያሳፍራል! ይህ ነገር ዛሬም መልኩን ቀይሮ አለ። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ "የኛ ልጅ" ይባላል፤ ሲሸነፍ ዘሩና ሰፈሩ ይቆጠራል።

ኮተን ደግሞ እንዲሁ የሠራተኞች መዝናኛ ቡድን አልነበረም። በ1950ዎቹ በተደጋጋሚ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1964/65 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ አክራ ላይ ለመጨረሻው ውድድር ከተሰበሰቡት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው ኮተን ነበር። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። አንድ የፋብሪካ ቡድን፣ ከአህጉሩ አራት ምርጥ ክለቦች አንዱ! ዛሬ ይህን ለአንድ የሊግ ተጫዋች ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል።

ምስጢሩ ምን ነበር? ፋብሪካው ተጫዋቹን በደመወዝ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ኳስ የጨዋታ ቀን ጉዳይ ነው፤ ሥራ የዘወትር ጉዳይ ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ወይም ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ከሜዳ ሲወጣ ወደ ፋብሪካው ግቢ ይመለሳል እንጂ ወደ መንገድ አይጣልም። ምድር ባቡር፣ ቴሌ፣ ሲሚንቶ፣ መብራት ኃይል፣ ባንክ፦ የቀድሞዎቹ ቡድኖች ስም ሲጠራ የሥራ ቦታ ስም መጥራት ማለት ነበር። ያ ሥርዓት የራሱ ድህነትና ጭቆና ነበረበት፤ ገነት አልነበረም። አንድ ነገር ግን በትክክል ገብቶት ነበር፦ ኳስ አሥር ዓመት ነው፣ ሕይወት ግን ከዚያ ይረዝማል።

የሉቺያኖ የኋላ ሕይወት ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ኳስ ካቆመ በኋላ በአሰልጣኝነት ሠራ። ደርግ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 አምበሉ ሀገሩን ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ጣሊያን ገባ። ዋንጫውን ይዞ አልሄደም። ቢይዘውስ ኖሮ ሮም ላይ ዋንጫ አሳይቶ ቤት የሚከራይ አለ? እጁ ላይ የቀረው የልጅነት ሙያው ነበር። ጋራዥ ከፈተ። የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው ሰው መፍቻ ይዞ መኪና ሥር ገባ፤ በላቡም ኖረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም በ87 ዓመቱ እዚያው ጣሊያን አረፈ።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው። ሀገሩ ለእሱ ያልመለሰችለትን፣ መፍቻው መለሰለት።

አሁን ጥያቄው ወደ ዛሬ ይምጣ። ሙያ የሌለው ሉቺያኖ ቢሆን ኖሮስ? ዛሬ በሊጉ ከሚጫወቱት ወጣቶች መካከል መፍቻ የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚሠራ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ስንት ነው? ክለቦቹ ጠይቀው ያውቃሉ? የፋብሪካ ቡድኖች አንድ በአንድ ከመድረኩ ሲወርዱ ቦታቸውን የያዙት በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ክለቦች ናቸው። ድሬዳዋም የዚሁ አካል ናት። የነዚህ ክለቦች ገንዘብ የነዋሪው ግብር ነው። ገንዘቡ ደመወዝ ይከፍላል፤ ፊርማ ይገዛል። የሥራ ቦታ ግን የለውም። ውሉ ሲያልቅ ልጁ ከማልያው ጋር ሁሉን ነገር አውልቆ ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የዓለም ተሞክሮ ይቅረብ ከተባለ ደግሞ ሩቅ ሄዶ አሜሪካን ማየት ይቻላል። እዚያ ኮሌጆች በራሳቸው ፉትቦል ያብዳሉ። ኳሷን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ የግቢው ንጉሥ ነው፤ ሉቺያኖ በመሃል ሜዳ የነበረውን ቦታ ይመስላል። ከኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚያልፉት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። የተቀረው "የቀድሞ ኳርተርባክ" የሚል ስም ይዞ ወደ ተራ ሕይወት ይገባል፤ አሰልጣኝ፣ ነጋዴ፣ ጠበቃ፣ አስተማሪ ይሆናል። ኮሌጆቹ በልጆቹ ላብ ሚሊዮኖች እየሰበሰቡ፣ ተጫዋቾቹ በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ስለዚህ ጻድቅ ናቸው አይባልም። ሆኖም እዚያ ሜዳ የሚገባ ልጅ ተማሪ መሆን አለበት፤ ውጤቱ ከተወሰነው በታች ከወረደ ይታገዳል። በኢትዮጵያ ክለቦች ቁርጭምጭሚት ይመረመራል እንጂ ደብተር የሚጠይቅ የለም።

"ተጫዋቾቹ ብዙ ይከፈላቸዋል፣ ራሳቸው ያስቡበት" የሚሉ አይጠፉም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክለቦች የወር ደመወዝ ጣሪያውን 50 ሺህ ብር ለማድረግ ተስማምተው ነበር፤ ጣሪያ ያስፈለገው ክፍያው ስለናረ ነው። እውነት ነው። ግን ስንቱ ጣሪያው ላይ ይደርሳል? ለስንት ዓመትስ ይቆይበታል? በሃያ ዓመቱ ገንዘብ የሚበተንለት፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሚጣል ልጅ፣ ለዚያ ጉዞ ያዘጋጀው ሰው ሳይኖር "ራሱ ያስብበት" ማለት ዋና ያልተማረን ልጅ ወንዝ ውስጥ ከትቶ እንዲሻገር እንደ መምከር ነው።

"ሉቺያኖ የአስመራ ሰው ነው፣ ዛሬ የሌላ ሀገር ታሪክ ነው" የሚሉም አሉ። እንግዲያው ዋንጫውም ይመለስ! በ1954ቱ ድል መኩራት የሚፈልግ፣ ድሉን ያመጡትን ሰዎች ከነስማቸውና ከነትውልዳቸው ይቀበላል። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት ያ ቡድን ከአስመራ፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር። ያሸነፈውም እንደዚያ ሆኖ ነው።

"ሀገሪቱ ድሃ ናት" የሚለው ሰበብ ደግሞ አያዋጣም። የሚጠየቀው ሐውልት አይደለም፤ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሕዝብ በጀት የሚተዳደር ክለብ ሁሉ ወጣት ተጫዋች ሲያስፈርም ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና የውሉ አካል ይሁን። ድሬዳዋ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ክለቡ ከነሱ ጋር ለመነጋገር ከከተማው መውጣት እንኳ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ከደመወዙ ላይ ተቀንሶ ተጫዋቹ ኳስ ሲያቆም ብቻ የሚወጣ ቁጠባ ይኑር። ሦስተኛ፣ ድሬዳዋ የኮተንን ታሪክ ትመዝግብ፤ ለልጆቿም ታስተምር። እ.ኤ.አ. በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን ከአዲስ አበባ ጋር ያስተናገደች ከተማ፣ ከአፍሪካ አራት ምርጦች አንዱ የሆነ የራሷ ክለብ እንደነበራት መርሳት አይገባትም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ2013 ስትመለስ ከቡድኑ ውስጥ ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ነበረበት። ከተማዋ ዛሬም ተጫዋች ትወልዳለች ማለት ነው። የጎደለው ልጅ አይደለም።

ሁርሶ የሚሰለጥነው ወጣት ነገ ምን እንደሚሆን የሚነግር ወረቀት አለው። ከዚያ ጥቂት ርቆ፣ ድሬዳዋ አሸዋማ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠው ልጅ ግን የለውም። ነገ አምበል ይሆን ይሆናል፤ ዋንጫም ያነሳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚኖርበትን ግን ዛሬውኑ እጁ ላይ ካላስያዙት፣ ያኔ ዋንጫው አያበላውም።