ደባርቅ ላይ የወደቀው ሊቀ መኳስ

ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን ያለፈ መንገደኛ ደባርቅ ሲደርስ ዓይኑ ወደ ተራራው ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው፤ አስጎብኚው፣ ስካውቱና ባለ በቅሎው እንግዳ የሚጠብቁትም እዚሁ ነው። እንግዳው ዋልያና ጭላዳ ለማየት ይቸኩላል፤ ከተማዋን አድሮባት ያልፋል።

ባለፈው ጉዞዬ እኔ አልቸኮልሁም። ጋቢያቸውን ደርበው የጠዋት ፀሐይ ከሚሞቁ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥሁና፣ «አባባ፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚባል ሰው እዚህ መሞቱን ሰምተው ያውቃሉ?» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ሊቀ መኳስ ከሆነማ ልጄ፣ ለጌታው ነው የሞተው» አሉኝ። ሰውየውን አላወቁትም፤ ማዕረጉን ግን አወቁት። መልሳቸውም ልክ ነበር።

ሊቀ መኳስ ዮሐንስ እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ አገራችን መጣ፤ ራስ ዓሊን አገለገለ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ሲሸነፉ ወደ ካሳ ኃይሉ ተሻገረ። ካሳም ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ቤል ከቅርብ ሰዎቻቸው አንዱ ሆነ። የተሰጠው ማዕረግም ሊቀ መኳስ ነው።

ይህ ማዕረግ ምን እንደሚጠይቅ ልብ እንበል። ሊቀ መኳስ በጦርነት ቀን የንጉሡን የሚመስል ልብስ ለብሶ ይሰለፋል። ጠላት ንጉሡን ሲፈልግ እሱን እንዲያገኝ ነው። ክብሩ ከሞት ጋር ተሰፍቶ ይሰጠዋል።

በ1852 ዓ.ም የቤል ወዳጅ፣ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ጎንደር አቅራቢያ በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ተማረከ፤ ቤዛ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቁስሉ አልተረፈም። ጋረድ ትግራይንና ሰሜንን ይዞ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የተነሣው የአገው ንጉሤ ወገን ነበር። በጥቅምት 1853 ዓ.ም ንጉሡና ዐማፅያኑ እዚህ ደባርቅ ላይ ተገጣጠሙ። ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ማዕረጉ የጠየቀውን ከፈለ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግን እውነትን መግመስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሐዘንና በቁጣ ብዙ ምርኮኞችን እዚሁ አስገደሉ። የቤል ደም የወደቀበት አፈር የእነዚያንም የባላገር ልጆች ደም ጠጥቷል። ለእነሱ ማዕረግም ስምም አልቀረላቸውም። ቤልን የሚያስታውስ ሁሉ እነሱንም የማስታወስ ዕዳ አለበት።

አሁን ከሌላኛው እንግሊዛዊ ጋር እናስተያየው። ጄኔራል ሮበርት ኔፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የቴዎድሮስ አምባ መቅደላ ተሰበረ፤ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። አምባው ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። ኔፒየር በዚያው ዓመት ወደ ጌቶች ምክር ቤት ከፍ ተደርጎ «ባሮን ኔፒየር ዘመቅደላ» ተባለ። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ዲዝራኤሊም በ1868 ዓ.ም የቢከንስፊልድ ኧርል ሆኖ ወደዚያው ምክር ቤት ገባ። ዲዝራኤሊ የወሰደው የአገሩን ከተማ ስም ነው። ኔፒየር ግን የወሰደው የእኛን ተራራ ስም ነው፤ ማዕረጉም ለልጅ ልጅ የሚወረስ ስለሆነ ዛሬም አለ።

የዚያ ዘመቻ ሌላ ምርኮ የሰሜን የልጅ ልጅ ነው። ልዑል ዓለማየሁ የዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ልጅ ነው፤ እናቱ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም ገና በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድሰር ተቀበረ። አጽሙ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የመቅደላ ስም የሰው ማዕረግ ሆኖ ሲወረስ፣ የመቅደላ ልጅ ግን የአያቱን አገር አፈር አላገኘም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

የእኛ ማዕረግ ሁሉ ንጹሕ ነበር አልልም። ደጃዝማችነትም ራስነትም ገባር አስጨንቋል፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም ሲሽራቸው ያላዘነ ገበሬ ብዙ ነው። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1999 አብዛኞቹን ባለ ውርስ ጌቶች ከምክር ቤታቸው አስወጥተዋል። የእኔ ነገር ግን ስለ መሻርና ስለ መመለስ አይደለም። ማዕረግ መመዘን ያለበት ባለቤቱ ስለ ማዕረጉ በከፈለው ነው እላለሁ። ኔፒየር መቅደላን በስሙ ላይ አከለ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። ቤል ሊቀ መኳስ ተባለ፤ ዋጋውን ራሱ ከፈለ። ዛሬም «ክቡር» ተብሎ የሚጠራ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይቁም።

የደባርቅ አስጎብኚዎች ሆይ፣ እንግዳውን ወደ ተራራው ከማውጣታችሁ በፊት አንድ አፍታ ከተማችሁ ላይ አቁሙት። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ እዚህ መውደቁን ንገሩት፤ በእሱ ሞት ሰበብ የተገደሉትንም ንገሩት፤ ዊንድሰር ያለው ልጅ የዚህ ተራራ የልጅ ልጅ መሆኑንም ጨምሩለት። እንግዳው እንግሊዛዊ ከሆነ ደግሞ፣ የዓለማየሁ አጽም አገሩ እንዲገባ ድምፁን እንዲያሰማ ጠይቁት።