አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ በአይሮፕላን በር ላይም?

አዲስ አበቤ አራት ኪሎን፣ አምስት ኪሎንና ስድስት ኪሎን ጠንቅቆ ያውቃል። ሰባት ኪሎ የት እንደሆነ ለማወቅ ግን አይሮፕላን መሳፈር ያስፈልጋል። ሰባት ኪሎ ማለት በአገራችንም ሆነ በብዙ የውጭ አየር መንገዶች ተራው መንገደኛ ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት የእጅ ሻንጣ ክብደት ነው። ነገሬ ስለዚህች ሰባት ኪሎ ነው። «አገር በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለች ስለ ቦርሳ ትጽፋለህ ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፣ እጽፋለሁ! አይሮፕላን የሀብታም መንሸራሸሪያ መሆኑ ከቀረ ቆይቷላ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የመቀሌ በረራ ተቋርጦ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲከፈት ሰው እንዴት እየተላቀሰ እንደተቃቀፈ ያየነው ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ግጭቱ በ2015 ዓ.ም. ከተባባሰ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ እገታው ሲያስፈራ፣ በአውቶቡስ ተንገላቶ አዲስ አበባ ይገባ የነበረው ገበሬና ነጋዴ ያለ የሌለውን ሸጦ የአይሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ ከርሟል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ደረጃው ሥር ሲደርስ «ቦርሳህን አምጣ» የሚባለው።

በቅርቡ ከአንድ የክልል ከተማ ስመለስ ያየሁትን ልንገራችሁ። አይሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለር፣ ትንሽ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጥቁር ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሠራተኛው «እማማ፣ ይቺ ከላይ አትገባም፤ ይስጡኝ፣ ከኋላ ትጫናለች» አላቸው።

«ልጄ፣ መድኃኒቴ እኮ እዚያ ውስጥ ነው፤ የስኳር መርፌዬ። ራጁም፣ ብሩም…»

«አይጠፋም እማማ፣ ሲወርዱ ያገኙታል።»

ወሰደው። ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልሰጣቸውም። ከኋላቸው የነበረ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ግን ባለ ጎማ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ላፕቶፑን አንግቶ፣ በሌላ እጁ ፌስታል አንጠልጥሎ ሽቅብ ወጣ። «እባክዎ» ያለው የለም። ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሠራተኛው ግን የሚያውቀው ይመስላል። ውስጥ ከገባን በኋላ ያ ሻንጣ በቁሙ ቢሉት፣ በአግድሙ ቢሉት አልገባ ብሎ አስተናጋጇን ሲያታግላት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ሥር ተወሸቀ። እናቲቱ አዲስ አበባ ላይ ቦርሳቸውን ያገኙት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። መርፌው ብርድ መትቶት እንደሆነ ማን ያውቃል? ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ በኋላ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች «ከእጃችሁ አይለይ፣ ከጭነት ጋር አትላኩት» የሚሉት።

ለሕጉ ግን አልዋሽም፤ ሕጉ የተፈጠረው መንገደኛን ለማስቸገር አይደለም። በአገር ውስጥ መስመሮቻችን የምናውቀው ዳሽ 8 ኪው 400 ከ70 እስከ 78 ሰው የሚይዝ፣ መቀመጫው ሁለት በሁለት የተደረደረ አይሮፕላን ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ሳጥን በቦይንግ ላይ ደህና አድርጎ የሚገባውን ባለ ጎማ ሻንጣ አይቀበልም። 75 መንገደኛ ሰባት ሰባት ኪሎ ቢይዝ 525 ኪሎ ነው። ሁሉም «ምን አለባት» እያለ 12 ኪሎ ቢይዝ 900 ይሆናል። ልዩነቱ 375 ኪሎ፣ ማለትም ያለ ትኬት የተሳፈሩ አምስት ጎልማሶች! በዚያ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ጎንደርና ላሊበላም ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ናቸው። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ፀሐይ ሲበረታም ይበልጥ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል፤ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኪሎ መቁጠር ግድ ነው።

ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ የተቀመጠበት ቦታም ነው ቁም ነገሩ። አህያ የጫነ ሰው ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ጭነት ወደ ኋላ ካዘነበለ ምን እንደሚከተል። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2003 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ አንድ ባለ 19 መቀመጫ ቢችክራፍት 1900 ገና ከመነሣቱ አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅሎ ተከሰከሰና የነበሩበት 21 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎቹ ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ጊዜ በትክክል አልተስተካከለም ነበር። ሁለተኛው፣ ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ወደ ኋላ አዘንብሎ ነበር። አብራሪዎቹ በወረቀት ሲያሰሉት ግን ልክ ነበር! ስሌቱ ሰውንና ቦርሳውን በአማካይ ክብደት የሚገምት ነበርና፣ እውነተኛው ሰው ከተገመተው ሰው ይከብድ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት አማካይ ግምቱ ከፍ እንዲል አደረገ።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል የነፍስ ጉዳይ ከሆነ፣ ለምንድነው የእማማ ቦርሳ ሲመዘን የባለ ሙሉ ልብሱ ሻንጣ የማይመዘነው? የስበት ሕግ ሹመት አያይም እኮ! የአንድ ባለሥልጣን 15 ኪሎ ከአንዲት ባልቴት 15 ኪሎ ይቀልላል ያለ የፊዚክስ ሊቅ እስካሁን አልሰማንም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው። ትልቁን መናገር ሲያስፈራ ሁሉም ደንብ የሚያርፈው ምን መብት እንዳለው በማያውቀው ላይ ነው፤ ቀበሌ ብትሉ እንዲሁ ነው፣ ፍርድ ቤት ብትሉ እንዲሁ ነው።

ሌላም አለ። በአየር መንገዶች የጉዞ ውል ላይ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ መድኃኒትና ሰነድ በጭነት ሻንጣ አታስገቡ የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው። መንገደኛው ይህን አምኖ ሁሉን በእጁ ይይዛል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ያንኑ ቦርሳ ለጭነት ይቀበሉታል። እንግዲህ ቢጠፋ «ውሉን አላነበብክም?» ሊባል ነው? ከአገር አገር በሚደረግ በረራ ላይ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት የሚለየው እንዲህ ነው፦ በእጅ የተያዘ ዕቃ ቢጎዳ አየር መንገዱ የሚጠየቀው ጥፋቱ የእርሱ ሲሆን ነው፤ ተረክቦ የጫነው ሻንጣ ሲሆን ግን በእርሱ ጥበቃ ሥር እያለ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ጣሪያው ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር የተባለ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው። ለተረከበው ሻንጣም መለያ ወረቀት መስጠት ግዴታው ነው። ከጂዳም ይሁን ከዋሽንግተን በአንድ ትኬት መጥቶ ወደ ክልል ከተማ የሚቀጥለው ወገናችን ይህን ይያዝ። ትኬቱን ለየብቻ የገዛ ግን ቦሌ ላይ ሲደርስ የአገር ውስጡ የኪሎ ልክ እንደ አዲስ ይቆጠርበታል፤ ስንቷ የዐረብ አገር ተመላሽ እህታችን የዓመታት ላቧን መሬት ላይ ዘርግፋ ስትመርጥ አይተናል!

ደግሞ የሞባይል መሙያ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ የሚሉት አለ። ዓለም አቀፉ ደንብ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በእጅ እንጂ በጭነት ክፍል አይሂድ ይላል፤ ከተቀጣጠለ እዚያ ሄዶ የሚያጠፋው የለማ። ታዲያ ቦርሳ በር ላይ ሲወሰድ «ባትሪ አለው ወይ?» የሚል ጠያቂ ያስፈልጋል። እናቲቱን የጠየቃቸው አልነበረም። ሰባት ኪሎን ከደኅንነት ጋር አያይዞ የሚያስፈራራን ሰው ይህችን አንዲት ጥያቄ ከዘለለ፣ የሚጠብቀው ደኅንነታችንን ነው ወይስ ሳጥኑን?

የምንለው ብዙ አይደለም። ትኬቱ ሲቆረጥ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም፣ አይሮፕላኑ ትንሽ መሆኑና ቦርሳ በር ላይ ሊወሰድ እንደሚችል ይነገር። ሚዛኑ ደረጃው ሥር ሳይሆን መመዝገቢያው ላይ ይቀመጥ፤ ሁሉም፣ ሚኒስትሩም ጭምር፣ ሻንጣውን ያውጣበት። በር ላይ ቦርሳ የሚቀበል ሠራተኛ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ ሰነድና ባትሪ እንዲወጣ ጊዜ ይስጥ፣ ቁጥር ያለው ወረቀትም ይቁረጥ። እስከዚያው ግን አንባቢዬ፣ መድኃኒትዎንና ብርዎን በትንሽ ከረጢት ለብቻ ቋጥረው ትልቁ ቦርሳ አፍ ላይ ያስቀምጡት፤ «አምጡ» ሲባል እርሱን መዝዘው ያስቀሩ፣ ወረቀቱንም ሳይቀበሉ ደረጃውን አይውጡ።