ቫሮአን በሙቀት መግደል ያዋጣል? (ሙግት)

ያዋጣል

የንብ ጥገኛ ተባይ ስለሆነችው ቫሮአ የሚደረግ ክርክር መጀመር ያለበት ተባዩ ከሚራባበት ቦታ ነው። እናቲቱ ቫሮአ የሠራተኛ ንብ እጭ ያለበት ክፍል በሰም ሊከደን ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ትገባና ለእጩ በተዘጋጀው ምግብ ውስጥ ትሸሸጋለች። ክፍሉ ከተከደነ ከ70 ሰዓት ገደማ በኋላ የመጀመሪያ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከእሱ የሚወጣው ወንድ ነው። ከዚያ በየ30 ሰዓቱ ገደማ የምትጥላቸው ሴቶች ናቸው፤ እነሱም እዚያው ጨለማ ውስጥ ከወንድማቸው ጋር ይዳቀላሉ። ወጣቷ ንብ ክንፏ ተጨማዶ ከወጣች፣ ተባዩ ያስተላለፈው ቫይረስ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። በአውሮፓ የሙቀት ወራት አብዛኛው ቫሮአ የሚገኘው በዚህ ክዳን ሥር ነው። ኦክሳሊክ አሲድ በንቦች ገላ ላይ ያለውን ይገድላል እንጂ ክዳኑን አያልፍም። ሙቀት ግን ያልፋል።

ንቦች እጭ የሚያሳድጉበትን ስፍራ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርገው ይጠብቃሉ። ቫሮአ ለመራባት የሚመቻት ከዚህ ትንሽ ዝቅ ያለው ነው። 38 ዲግሪ ሲደርስ መራባቷ ይታወካል፤ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ለሰዓታት ከቆየች ትሞታለች፤ የተከደነው እጭ ግን በአብዛኛው ይተርፋል። በጀርመን የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንተውታል። ከዚያ ቀደም በሶቭየት ኅብረት ንቦቹን ራሳቸውን በሽቦ ሳጥን ከትቶ እስከ 48 ዲግሪ ለደቂቃዎች ማሞቅ ተሞክሮ ነበር፤ ያ ለንቧ የከፋ ዘዴ ነበር። ዛሬ በኦስትሪያ የተሠራ አንድ መሣሪያ ንቦቹ ከተራገፉ በኋላ ፍሬሞቹን ብቻ ያሞቃል። ቼኮች የሠሩት ቀፎ ደግሞ የላይኛው ክዳኑ ሲነሳ በመስታወት የምትገባው ፀሐይ ታሞቀዋለች።

ወደዚህ የገፋን የመድኃኒቱ ታሪክ ነው። ፍሉቫሊኔት የተባለውን ፀረ-ቫሮአ መድኃኒት የሚቋቋም ቫሮአ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ታየ። በአሜሪካ ከ2024 ወደ 2025 (እ.ኤ.አ.) በተሻገረው ክረምት እጅግ ብዙ ቀፎዎች ካለቁ በኋላ የመንግሥት ተመራማሪዎች ከሞቱት ቀፎዎች በሰበሰቧቸው ቫሮአዎች ላይ አሚትራዝ የተባለውን መድኃኒት የመቋቋም የዘረመል ምልክት አግኝተዋል። እንደ ፍሉቫሊኔትና ኩማፎስ ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ስብ ወዳድ በመሆናቸው ሰም ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ሰሙ ቀልጦ እንደገና ሲሠራ እንኳ አብረው ይመለሳሉ። ንግሥቲቱ በዘር ከረጢቷ ያስቀመጠችው የድንጉላ ዘር በሙቀት ይዳከማል የሚለው ስጋት እውነት አለው። ነገር ግን ስጋቱ የሚመለከተው ቀፎው በሙሉ ሲሞቅ ነው። ፍሬሞች ለብቻቸው ሲሞቁ ንግሥቲቱ ከንቦቿ ጋር ቀፎዋ ውስጥ ትቀራለች።

አያዋጣም

ባልደረባዬ ስለ ክዳኑ ያሉትን አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ዲግሪዎቹ ነው። ቫሮአ በምትሞትበትና እጩ በሚጎዳበት ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ፍሬም ደግሞ ወጥ ነገር አይደለም። ከላይ ማር አለ፣ መሐሉ ላይ የተከደነ እጭ፣ ጠርዙ ላይ ባዶ ክፍል። ማር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ ቴርሞሜትሩ 42 እያሳየ ከማሩ ሥር ያለው እጭ ገና ከ40 በታች፣ ከማሞቂያው ፊት ያለው ደግሞ ከልኩ በላይ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቦታ ቫሮአ ትተርፋለች፤ በሁለተኛው እጭ ይሞታል። ሰም የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ በላይ ቢሆንም በ40ዎቹ ይለሰልሳል፤ ማር የተሸከመ አዲስ ሰፈፍ በዚያ ሙቀት ሊወርድ ይችላል። መሣሪያዎቹ ገለልተኛ በሆኑ ሙከራዎች የተለያየ ውጤት ማምጣታቸው አይደንቀኝም።

የድንጉላው ነገር ይብሳል። የድንጉላ እጭ ተከድኖ የሚቆየው ከሠራተኛዋ ስለሚረዝም ቫሮአ አብልጣ የምትመርጠው እሱን ነው። ሙቀት የሚጎዳውም የድንጉላን የመራባት አቅም ነው። ስለዚህ ማሞቅ በጣም የሚያስፈልገው ፍሬም ማሞቅ የማይገባው ፍሬም ይሆናል። አናቢው እዚህ ላይ መብራት የማይጠይቅ ዘዴ አለው፤ የተከደነውን የድንጉላ ሰፈፍ በቢላ ቆርጦ ማውጣት። ለሠራተኛ እጭ ደግሞ የጣሊያን አናቢዎች በሙቀት ወራት ንግሥቲቱን 24 ቀን ገደማ በትንሽ ማገቻ ይዘጋሉ። እጩ ሁሉ ይፈለፈልና ቫሮአ መሸሸጊያ ታጣለች፤ ያኔ ኦክሳሊክ አሲድ ይሰጣሉ። ንቦቹ የተሸከሙትን ቫሮአ የፍሬም ማሞቂያው አይነካም፤ ይህ ዘዴ ግን ይደርስበታል። ለካሊፎርኒያ የአልሞንድ (የለውዝ ዛፍ) አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀፎዎችን የሚያጓጉዝ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም እያራገፈ ሊያሞቅ አይችልም።

ቫሮአ በኢትዮጵያም ተገኝታለች። ይሁንና የአፍሪካ ንቦች በጥቅሉ ከአውሮፓ ንቦች ይልቅ ይቋቋሟታል። አብዛኛው ቀፏችንም ፍሬም የሌለው ባህላዊ ቀፎ ነው፤ ንቡም ሲታወክ ጥሎ ይኮበልላል። እዚህ ማሞቂያ ማስገባት ንቡን ከተባዩ ይልቅ በመሣሪያው ማሳደድ ይሆናል።

መልስ

ስለ ኢትዮጵያና ስለ ካሊፎርኒያ የተባለውን እቀበላለሁ። ሙቀትን የምደግፈው አሥርና ሃያ ቀፎ ላለው የመካከለኛው አውሮፓ አናቢ ነው፤ ለእሱ ፍሬም አራግፎ ማሞቅ የሚቻል ሥራ ነው። ንግሥቲቱን መዝጋትም ዋጋ አለው፤ ከሦስት ሳምንት በላይ እንቁላል ያልተጣለበት ቀፎ በኋላ የሠራተኛ እጥረት ይገጥመዋል። ማር በቀፎው እያለ አሚትራዝ ማስገባት አይፈቀድም፤ ሌላው መድኃኒት ፎርሚክ አሲድም አየሩ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ንግሥቲቱን ሊገድል ይችላል። ሙቀት ግን በዚያው በማር ወቅት ሊሠራ ይችላል። በንቦቹ ላይ የቀረችው ቫሮአ ለመራባት ወደ አዲስ እጭ መግባቷ አይቀርም፤ ስለዚህ ከቀናት በኋላ በሁለተኛ ዙር ትገኛለች። ፍሬሙ እኩል አይሞቅም ለሚለው ስጋት ደግሞ አናቢው ከማሞቁ በፊትና በኋላ 300 ያህል ንቦችን በአልኮል አጥቦ የረገፈውን ቫሮአ ይቁጠር። ከሁለተኛው ዙር በኋላም ቁጥሩ ከ100 ንብ 3 በላይ ከሆነ መሣሪያውን አስቀምጦ አሲድ ያንሣ።