ጀልባዋ ለምን ትሸጣለች?

ቡሬ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ በደላላ አፍ አይገዛም። ደላላው «እንዲህ ያለ በሬ ዘንድሮ ገበያ አልወጣም» እያለ ሲምልና ሲገዘት፣ ገበሬው የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ባለቤቱን ፈንጠር አድርጎ አንዲት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ «ለምን ትሸጠዋለህ?» የበሬው ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው ከመልሱ ነው።

ይህ አባቶቻችን ያስተማሩን ጥበብ ግን ጣና ዳር ሲደርስ የት እንደሚገባ እንጃ! ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደንበጫ የሄዱ ወጣቶች ጥሪታቸውን አዋጥተው፣ ያነሰውን ተበድረው፣ ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ የሞተር ጀልባ ለመግዛት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያገኙት ደላላ ነው፤ መጨረሻ የሚሰሙትም ደላላ ነው። ጀልባዋን ዓመታት የነዳትን ሰው የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቁም «ስንት ፈረስ ጉልበት ናት? መጨረሻዋ ስንት ነው?» ይላሉ እንጂ «ለምን ትሸጣለች?» አይሉም።

ወጣቶቹ ያገለገለ ፍለጋ መሄዳቸው አያስወቅሳቸውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ተብሎ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የጀልባ ሞተር ደግሞ አገር ውስጥ አይሠራም፤ በዶላር የሚመጣ ነው። አዲስ ያማሃ ገዝቶ ሥራ መጀመር ለደሀ ልጅ የማይታሰብ ሆነ። ስለዚህ የቀረው ያረጀው ነው። ያረጀ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም፤ ሳይጠይቁ መግዛት ነው ነውሩ።

ባለቤቱ የሚያውቀው፣ ደላላው የማይነግራችሁ

ከባለጀልባዎች ጋር ረጋ ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ቁም ነገር ይቀስማል። አንደኛው የጉልበት ነገር ነው። ሞተሩ ላይ 40 ተብሎ ስለተጻፈ ጣና ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ያገኛችሁ እንዳይመስላችሁ! ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። እናም የ40ው ሞተር ጣና ላይ ገና አዲስ ሳለ ወደ 33 ይወርዳል። ያረጀው ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ደላላው ግን የሚሸጥላችሁ የተጻፈውን ቁጥር ነው።

ሁለተኛው የማስነሳት ነገር ነው። ሻጭ ገዢ እንደሚመጣ ካወቀ ሞተሩን አስቀድሞ ያሞቀዋል። የሞቀ ሞተር ደግሞ በሽታውን ይደብቃል። ስለዚህ ብልህ ገዢ ሳይታሰብ ይደርስና እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይመለሳል። ቀዝቃዛ ከሆነ ገመዱን ራሱ ይጎትታል። በሁለትና በሦስት ጉተታ ካልተነሳ ወይ ካርቡሬተሩ፣ ወይ ካንዴላው፣ ወይ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ፋሻው አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከታች ያለው የማርሽ ዘይት ነው። ብሎኑን ፈታ አድርጎ ጠብታ ማየት ነው። ዘይቱ ዘይት ከመሰለ ደግ ነው፤ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ማርሹም በቁሙ እየተበላ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የምትተፋውን የማቀዝቀዣ ውሃም ማየት ያስፈልጋል። ጣናን የወረረው እምቦጭ የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ይዘጋል፤ በማራገቢያው ላይም ይጠመጠማል። እምቦጭ ውስጥ ሲንገታገት የኖረ ሞተር ስንቴ እንደጋለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ቤንዚንና ዘይት አቀላቅሎ በሚሠራው ሞተር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። በተለምዶ ለሃምሳ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ይገባል። ዘይት ተወደደ ብሎ የቀነሰ፣ ወይም ቤንዚን ጠፍቶ በየጀሪካኑ የሚሸጠውን ምኑም ያልታወቀ የቀዳ ሰው፣ የሞተሩን ዕድሜ በገዛ እጁ አሳጥሮታል። ይህ በቀለም አይታይም። በቀለም የሚታየው የአካሉ ነገርም ቢሆን እንዲያው ነው። የብረት ጀልባ ዝገቱ በቀለም ይሸፈናል፤ ስለዚህ ከላይ ያለውን ውበት ትቶ ከውሃ ማስወጣትና ሆዱን ማንኳኳት ነው።

ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ማን ነው? ጀልባዋን የነዳት ሰው፣ ወይም የሷን መሰል የሚነዳ ጎረቤቱ። ኮሚሽን የማይበላው ሰው! ከአምስት ባለጀልባዎች ጋር ሻይ ጠጥቶ የዋለ ገዢ፣ አንድ ደላላ ዓመት ሙሉ ቢለፈልፍ የማይነግረውን ያውቃል።

የሚሸጠው ጀልባው ነው ወይስ ሐይቁ?

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ጀልባዋ ለምን ትሸጣለች? ሞተሯ ደህና፣ አካሏም ደህና ሆኖ የምትሸጥ ጀልባ አለች። እሷ ናት የምታስፈራው! ደህና ጀልባ የሚሸጥ ሰው ሥራው አልሆነለትም ማለት ነውና።

የመዝናኛ ጀልባዎቹን ብናይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ግጭቱ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ሆነ። ገዳማቱን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ሲጠፋ ጀልባው ዳር ላይ ታሰረ። ባለቤቱ ቢሸጠው አይፈረድበትም። የሚገዛው ልጅ ግን እንግዳውን ከየት ሊያመጣው ነው?

የዓሣ ጀልባውስ? ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ዓሣ ማጥመድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 በግብርና ሚኒስቴር፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንድ ሰዎች ትብብር በተጀመረ ፕሮጀክት ነው። ከዚያ በፊት አጥማጁ የደንገል ታንኳ ነበረው። ታንኳ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ሆኖም ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ብዙም አይጭንም። ሞተሩ ሲመጣ ሩቅ ተኬደ፤ ብዙ ተያዘ፤ ብዙ ሰው እንጀራ በላ። እሰየው የሚያሰኝ ነበር።

ግን ደግሞ መረቡ ዓሣው ሊራባ ወደሚሰበሰብበት ወደ ወንዝ አፍ ሄደ። በክረምት ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ሲሞሉ፣ ብዙዎቹ የጣና ብቸኛ ሀብት የሆኑ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች ዕንቁላል ሊጥሉ ወደነዚህ ወንዞች ይወጣሉ። እዚያው በር ላይ ተጠበቁ። ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት፣ በባሕር ዳር በኩል በሞተር ጀልባ ይያዝ የነበረው የእነዚህ ዓሦች መጠን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ እምቦጩ መጣ።

እንግዲህ አስቡት። የዛሬ ዓመታት ግማሽ ቀን ተሄዶ መረብ ሙሉ ይመጣ የነበረበት ቦታ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተውሎ ለቤንዚን የማይሆን ከተገኘ፣ ባለቤቱ የሚሸጥላችሁ ጀልባውን ብቻ አይደለም፤ ኪሳራውንም ጭምር ነው። ርካሽነቱ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ሐይቁንም ይመርምር! ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ተያዘ? ስንት ሊትር ቤንዚን ተቃጠለ? ዓሣው ቀረሶ ነው፣ አምባዛ ነው? በስንት ተሸጠ? ይህን ለአንድ ሳምንት አብሮ ተሳፍሮ ያላየ ሰው ብሩን ከኪሱ ባያወጣ ይመከራል።

ባጃጅ ሊብሬ አላት፤ ጀልባስ?

አሁን ደግሞ ወደ ባለሥልጣኖቻችን። ቡሬ ከተማ ውስጥ አንዲት ባጃጅ ስትሸጥ ሊብሬዋ ይታያል፤ ቦሎዋ ይታያል፤ ዕዳና ዕገዳ እንዳለባት ይጣራል። ሰው ጭና ጥልቅ ውሃ ላይ የምትሄድ ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ ውልና በሦስት ምስክር ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች። ማን እንደሠራት፣ መቼ እንደተሠራች፣ ሰጥማ ወጥታ ከሆነ፣ ዕዳ ይኑርባት አይኑርባት የሚናገር መዝገብ ገዢው እጅ አይደርስም።

አሜሪካኖቹ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ብቻ የሚሠሩት ጀልባ አላቸው፤ አብዛኛው ለመዝናኛ ነው። ለዚያ ለመዝናኛው እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ እያንዳንዱ ጀልባ አካሉ ላይ የተቀረጸ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። ገዢው ቁጥሩን ይዞ ይጠይቃል፤ ያንኑ ዓይነት ጀልባ የያዙ ሰዎችንም አስተያየት ይሰበስባል። እኛ ዘንድ ጀልባ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም፤ የእንጀራና የነፍስ ጉዳይ ነው። ታዲያ ለእንጀራው ከመዝናኛው ያነሰ ጥንቃቄ ይገባዋል?

ሕግ የለም አይባልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ችግሩ አዋጁ ከወረቀት ወርዶ ወንዝ አፍ ላይ አለመቆሙ ነው። በሌላ በኩል በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተብሎ ሲታወጅ «ተደራጁ» ተባለ። መደራጀቱ መልካም ነው። ነገር ግን ወጣቶችን አደራጅቶ፣ እርስ በርስ አዋውሶ፣ ብድር ሰጥቶ፣ ዓሣው ወዳለቀበት ሐይቅ በአሮጌ ሞተር መስደድ ሥራ መፍጠር ነው ወይስ ዕዳ መፍጠር? ጀልባዋ ስትቆም ዕዳው አይቆምም። አንዱ ሲጠፋ የቀሩት ይከፍላሉ፤ እነሱ ሲያቅታቸው የቤተሰብ በሬ ይሸጣል።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የሞተር ጀልባ ቁጥርና መዝገብ ይኑረው፤ ገዢም መዝገቡን የማየት መብት ይኑረው። ብድር ከመፈቀዱ በፊት ገለልተኛ መካኒክ ሞተሩን ፈትቶ ይመልከት፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌላት ጀልባ አትሸጥ። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት በእውነት ይከልከል፤ ያ ካልሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደህና ጀልባ ሞልቶ የሚጠመድ ዓሣ ይጠፋል።

ባለሥልጣኑ እስኪነቃ ድረስ ግን ወንድሞቼ፣ ብሩ የእናንተ ነው፤ ነፍሱም የእናንተ ናት። ደላላው ሽጦ ይሄዳል፤ ሐይቁ ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን የነዳውን ሰው እመኑ። እሱም «ለምን ትሸጣለህ?» ስትሉት ዓይኑን ከሰበረ፣ ብራችሁን ይዛችሁ የቡሬን መኪና ተሳፈሩ። ያልተገዛ ጀልባ ማንንም አስጥሞ አያውቅም።